ግድግዳው ምን ያህል ያዛል? የፈሳሽና የመያዣው የ400 ዓመት ጥያቄ

ፈሳሽ የራሱ ቅርጽ የለውም፤ የተቀመጠበትን ዕቃ ቅርጽ ይይዛል። ተማሪ ሁሉ ከታች ክፍል ጀምሮ የሚያውቀው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ስሕተትም የለበትም። ችግሩ ዕቃውን ዝም ብሎ የቆመ ቀፎ አድርጎ ማቅረቡ ነው። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ የተካሄደው ምርምር የሚያሳየው ከዚህ በጣም የተወሳሰበ ነገር ነው። ዕቃው ብዙ የሚሠራ በሚመስልበት ቦታ ምንም ሳይሠራ ይገኛል፤ ምንም የማይሠራ በሚመስልበት ቦታ ደግሞ ሁሉን የሚወስነው እሱ ይሆናል። በሁለቱም አቅጣጫ ታላላቅ ሊቃውንት ተሳስተዋል፤ ዛሬም ያልተቋጨ ክርክር አለ።

ከዚህ በታች ያለው ዳሰሳ ውሃው ከቆመበት ተነሥቶ፣ በሚሽከረከርበትና በሚናወጥበት አልፎ፣ ግድግዳውን በሚነካበት ቀጭን መስመር ላይ ይደርሳል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ሊትር ውሃ፣ አስር ቶን ጫና

የፍላንደርሱ መሐንዲስ ሲሞን ስቴቪን በ1586 ላይደን ላይ ባሳተመው የውሃ ሚዛን መጽሐፍ ለዘመኑ ሰው እንግዳ የሆነ ነገር አረጋገጠ። ውሃ በዕቃው ወለል ላይ የሚያሳርፈው ጫና የሚወሰነው በሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ከወለሉ እስከ ውሃው ገጽ ባለው ከፍታና በወለሉ ስፋት። የዕቃው ሆድ ይነፋ፣ አንገቱ ይቅጠን፣ ለውጥ የለውም። ብሌዝ ፓስካል ሐሳቡን በ1650ዎቹ አስፋፋው፤ ድርሳኑ ለኅትመት የበቃው ግን ከሞተ በኋላ በ1663 ነው።

ቁጥሩን ማየት ይጠቅማል። ውሃ ሞልቶት በታሸገ በርሜል ክዳን ላይ ውስጡ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 10 ሜትር የሚረዝም ቀጭን ቱቦ ይተከል እንበል። ቱቦውን ለመሙላት 1 ሊትር ውሃ ይበቃል። ያ 1 ሊትር ግን በበርሜሉ ግድግዳ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 10 ቶን የሚጠጋ ተጨማሪ ጫና ያሳርፋል። ፓስካል በ1646 በዚህ መንገድ በርሜል ሰነጠቀ እየተባለ በብዙ መጻሕፍት ይተረካል፤ ከእሱ በተረፉት ጽሑፎች ውስጥ ግን ስለዚህ ሙከራ የተጻፈ ነገር አልተገኘም። ፊዚክሱ የጸና፣ ታሪኩ አጠራጣሪ ነው።

የዚህ ሕግ የዕለት ተዕለት ምስክር በየግቢው ማማ ላይ የተሰቀለው ሮቶ ነው። 500 ሊትር የሚይዘውም ሆነ 10,000 ሊትር የሚይዘው፣ የውሃቸው ገጽ እኩል ከፍታ ላይ እስካለ ድረስ፣ ቧንቧው እንደተዘጋ በሁለቱም ሥር ያለው ግፊት አንድ ነው። ትልቁ ሮቶ የሚሰጠው ዕድሜ እንጂ ጉልበት አይደለም።

አንድ ግርታ ግን ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል። ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ዕቃ ወለሉ ከያዘው ውሃ ክብደት የበለጠ ጫና ይሸከማል። ታዲያ ዕቃው ሚዛን ላይ ሲወጣ ለምን ትርፍ ክብደት አይታይም? መልሱ ያለው ያዘነበለው ግድግዳ ጋ ነው። ወለሉ ወደ ታች ሲገፋ ግድግዳው በዚያው ውሃ ወደ ላይ ይገፋል፤ ሚዛኑ የሚያነበው የሁለቱን ድምር ነው። በወለል ላይ የሚያርፍ ጫናና የውሃው ክብደት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያልለየ ሰው እዚህ ላይ ይደናቀፋል።

ሕጉ ወሰን አለው። ዕቃው በጣም ሲጠብ የገጽ ውጥረት ይበረታል። ጄምስ ጁሪን በ1718 እንዳሳየው ውሃ በጠባብ የመስታወት ቱቦ ውስጥ የሚወጣበት ከፍታ ቱቦው በቀጠነ ቁጥር ይጨምራል፤ የውስጡ ወርድ 1 ሚሊ ሜትር በሆነ ንጹሕ ቱቦ ውስጥ ውሃ በራሱ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። እዚህ ግድግዳው ዝም ብሎ የሚይዝ ሳይሆን የሚስብ ሆኗል።

የሚሽከረከረው ባልዲ

ኒውተን በ1687 ባሳተመው ፕሪንኪፒያ ውስጥ ከሚገኙት ሙከራዎች ሁሉ ብዙ ቀለም የፈሰሰበት በአንድ ባልዲ የሚሠራው ነው። ባልዲው በረጅም ገመድ ይንጠለጠላል፤ ገመዱ ተጠምዝዞ ተጠምዝዞ ይጠብቃል፤ ባልዲው ውሃ ተሞልቶ ይለቀቃል። መጀመሪያ ባልዲው ሲሽከረከር ውሃው ገና አልተከተለውም፤ ገጹ ጠፍጣፋ ነው። ቆይቶ ውሃው የባልዲውን ፍጥነት ይይዛል፤ ያኔ መሃሉ ጎድጉዶ ዳር ዳሩ ይወጣል።

ኒውተን ያስተዋለው ነገር ረቂቅ ነው። በውሃውና በባልዲው መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት ትልቅ በሆነበት ሰዓት ገጹ ጠፍጣፋ ነበር፤ ልዩነቱ ሲጠፋ ጎደጎደ። እንግዲያስ ጉድጓዱን የሚያመጣው ውሃው ከባልዲው አንጻር የሚያደርገው እንቅስቃሴ አይደለም። ከምን አንጻር ነው? ኒውተን የሰጠው መልስ ከምንም ነገር ጋር የማይያዝ ፍጹም ኅዋ የሚል ነበር።

ተቃውሞው ወዲያው ተነሣ። ላይብኒትስ ከኒውተን ወዳጅ ከሳሙኤል ክላርክ ጋር በ1715 እና በ1716 በተለዋወጣቸው ደብዳቤዎች ኅዋ የነገሮች ሥርዓት እንጂ ራሱን የቻለ ነገር አይደለም ብሎ ሞገተ፤ የባልዲውን ጉዳይ ግን ፊት ለፊት አልመለሰውም። ጳጳሱ ጆርጅ በርክሊ በ1721 መለኪያው የሩቅ ከዋክብት ሊሆን ይገባል አለ። ኧርነስት ማኽ በ1883 ነገሩን ወደ ዕቃው መለሰው፦ የኒውተን ባልዲ ቀጭን ነው፤ ግድግዳው ብዙ ማይል እስኪወፍር ቢገዝፍ ውሃው ምን እንደሚሆን ማን ሞክሮ ያውቃል?

ይህ ጥያቄ ቀልድ ይመስል ነበር። አይንሽታይን ግን በቁም ነገር ያዘው። በ1918 ዮሴፍ ሌንዘና ሃንስ ቲሪንግ በአይንሽታይን ቀመሮች አስልተው የሚሽከረከር ግዙፍ አካል በዙሪያው ያለውን ኅዋ በጥቂቱ እየጎተተ እንደሚሄድ አሳዩ። በ2004 የመጠቀችው ግራቪቲ ፕሮብ ቢ የተባለች ሳተላይት ምድር የምታደርገውን ይህንኑ መጎተት ለካች፤ በ2011 ይፋ የሆነው ውጤት በ19 በመቶ የስሕተት ወሰን ውስጥ ከስሌቱ ጋር ገጠመ። ታዲያ ማኽ አሸነፈ ማለት ነው? አልተወሰነም። በአጠቃላይ አንጻራዊነት መሠረት ወፍራም ግድግዳ በእርግጥ ውሃውን ይነካል፤ ነገር ግን ያው ጽንሰ ሐሳብ ሌላ ቁስ በሌለበት ባዶ ዓለምም ሽክርክሪት ትርጉም ይኖረዋል ይላል። አንዱ ገጽታ ለማኽ፣ ሌላው ለኒውተን ያደላል፤ የፊዚክስ ፈላስፎች እስካሁን በዚህ ይከራከራሉ።

የጎደጎደው ገጽ ራሱ ግን አያከራክርም። ቅርጹ ፓራቦላ ነው፤ የሚወሰነውም በሽክርክሪቱ ፍጥነትና በምድር ስበት ብቻ ነው። ውሃም ይሁን ማርም ይሁን ሜርኩሪ፣ ጊዜ ተሰጥቶት ከዕቃው ጋር እኩል ከዞረ አንድ ዓይነት ጉድጓድ ይሠራል። በሕንድ ሂማላያ ግርጌ ዴቫስታል በሚባል ቦታ በ2022 ሥራ የጀመረው የ4 ሜትር ቴሌስኮፕ መስታወት በቀስታ የሚሽከረከር ገበቴ ላይ የተዘረጋ ስስ የሜርኩሪ ንጣፍ ነው።

የሻይ ቅጠሉና የመታጠቢያው ቀዳዳ

ሻይ ተማስሎ ማንኪያው ሲወጣ ቅጠሉ የት ይሰበሰባል? የሚሽከረከር ነገር ወደ ውጭ እንደሚገፋ የሚያውቅ ሰው ወደ ዳር ይላል። ቅጠሉ ግን መሃል ላይ ይከማቻል። አይንሽታይን በ1926 ስለ ወንዞች መጠማዘዝ በጻፈው አጭር ጽሑፍ ምክንያቱን አስረዳ፤ ሎርድ ኬልቪን በሚል ማዕረግ የሚታወቀው ሳይንቲስት ወንድም ጄምስ ቶምሰን በ1857 ቀድሞት ያየው ነገር መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ማብራሪያው እንዲህ ነው። የሚዞረው ሻይ ዳር ላይ ከፍ ስለሚል ከዳር ወደ መሃል የሚገፋ ግፊት አለ፤ በላይኛው ክፍል ይህን ግፊት ሽክርክሪቱ ይመክተዋል። ወለሉን የነካው ስስ ንጣፍ ግን በሰበቃ ስለዘገየ መመከት ያቅተዋል፤ ስለዚህ ወደ መሃል ይፈስሳል፣ ቅጠሉንም ይዞት ይሄዳል። ስዊድናዊው ቫግን ቫልፍሪድ ኤክማን በ1905 የዚህን ዓይነት ንጣፍ ስሌት ለውቅያኖስ ሠርቶ ነበር፤ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ንጣፉ ውፍረቱ ከሚሊ ሜትር ያነሰ ቢሆንም ሥራው ግዙፍ ነው። የሻዩ ሽክርክሪት የሚቆመው ሰበቃው ከግድግዳው ወደ መሃል ቀስ እያለ ሲሰርጽ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ አፉ 6 ሴንቲ ሜትር በሆነ ብርጭቆ ሩብ ሰዓት ያህል በፈጀ ነበር። ማንም እንደሚያየው ግን በአሥር ሴኮንዶች በሚቆጠር ጊዜ ውስጥ ይረጋል። ሃርቪ ግሪንስፓንና ሉዊስ ሃዋርድ በ1963 ያሳተሙት ስሌት ልዩነቱን ገለጸ፦ የወለሉ ንጣፍ ሻዩን በሙሉ በተራ በተራ እየመጠጠ ያዘገየዋል። ማለትም ፈሳሹን የሚያስቆመው ከጎን ያለው ግድግዳ ሳይሆን ማንም ልብ የማይለው ወለል ነው።

የመታጠቢያ ገንዳ ውሃ በቀዳዳው ሲወርድ የሚሠራው አዙሪትም የዚህ ቤተሰብ ነው፤ እዚህ ግን ስሕተቱ በተቃራኒው ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ውሃ በግራ፣ በስተደቡብ በቀኝ ይዞራል የሚለው አባባል ዓለምን አዳርሷል፤ በኬንያ ናንዩኪ ከወገቡ መስመር ግራና ቀኝ ለቱሪስቶች ሲታይ ኖሯል። በመስመሩ ላይ የምድር መዞር በአግድም ውሃ ላይ ያለው ኃይል ዜሮ ስለሆነ ትርኢቱ የአቀዳዱ ጥበብ ውጤት ነው።

አባባሉ ፈጽሞ ሐሰት ነው ማለት ግን ሌላ ስሕተት ነው። አሸር ሻፒሮ በ1962 በማሳቹሴትስ 1.8 ሜትር ስፋት ባለው ክብ ገንዳ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ሞልቶ፣ አንድ ሙሉ ቀን አስቀምጦ፣ መሃል ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ሲያፈስስ ውሃው ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ ዞረ። በ1965 ሲድኒ ላይ የተደረገው ተመሳሳይ ሙከራ ተገላቢጦሹን አገኘ። ምድር ትሠራለች፤ ኃይሏ ግን እጅግ ደካማ ስለሆነ በቤት ገንዳ ውስጥ የገንዳው ቅርጽና ከቧንቧው የተረፈው ንቅናቄ በቀላሉ ይውጡታል። አዲስ አበባ ያለችው ከወገቡ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነው፤ እዚህ ያለው የምድር ድርሻ ሻፒሮ ከነበረበት ቦታ ሩብ እንኳ አይሞላም። የሻፒሮን ሙከራ በአዲስ አበባ መድገም የሚፈልግ ሰው ከእሱ የበለጠ ትዕግሥት ያስፈልገዋል።

ከስኒ እስከ ቦቴ

ዕቃው ራሱ ሲንቀሳቀስ ነገሩ ይከብዳል፤ ገንዘብና ሕይወትም ይገባበታል።

በዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ የራሱ ምት አለው። አንዴ ከተነካ በዚያው ምት ወዲያና ወዲህ ይንቦጫቦጫል። ጥልቅ በሆነ ዕቃ ውስጥ ምቱን የሚወስነው የአፉ ስፋት ነው፦ ሰፊው ይዘገያል፣ ጠባቡ ይፈጥናል። አፉ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ የቡና ስኒ በሴኮንድ ወደ 4 ጊዜ ይወዛወዛል። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ባልዲ ግን 2 ጊዜ አይሞላም። ሰው ሲራመድ በሴኮንድ ወደ 2 እርምጃ ይወስዳል። ውሃ የቀዳ ባልዲ እግር ላይ የሚረጨው እንግዲህ በተሸካሚው ቸልተኝነት ብቻ አይደለም፤ የባልዲውና የእርምጃው ምት ስለሚገጥም ነው። እንስራ በዚህ ረገድ ብልህ ዕቃ ነው፤ እስከ አንገቱ ሲሞላ ለመናወጥ ነጻ የሆነው ገጽ በጣም ትንሽ ነው። ጎደሎ ከሆነ ጥቅሙ ይቀራል።

ስኒውስ ምቱ ከእርምጃ የራቀ ሆኖ ለምን ይፈስሳል? ሃንስ ማየርና ሩስላን ክሬቸትኒኮቭ በ2012 በካሊፎርኒያ ይህን አጥንተው፣ የእርምጃው ምት ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያሉት ፈጣን ንዝረቶችም ቡናውን እንደሚያነሣሱት አሳዩ፤ ቡናው ብዙ ጊዜ የሚፈስሰው በ7ኛውና በ10ኛው እርምጃ መካከል ነበር። ጥናቱ አስቂኝ ምርምርን የሚያከብረውን ኢግ ኖቤል ሽልማት አገኘ። ደቡብ ኮሪያዊው ጂዎን ሃን ደግሞ ዋናው ነገር አያያዙ ነው ብሎ ስኒውን ከላይ በጣት አንጠልጥሎ መያዝ ንዝረቱን እንደሚቀንስ አቀረበ፤ እሱም በ2017 ያንኑ ሽልማት ወሰደ። ሌላው መፍትሔ አረፋ ነው፦ በ2015 የታተመ ሙከራ አምስት ድርብ የአረፋ ንጣፍ የማዕበሉን ቁመት ወደ አንድ አሥረኛ እንደሚያወርደው አግኝቷል። ማኪያቶ የሚያመላልስ አስተናጋጅ ጥቁር ቡና ከሚያመላልሰው ይልቅ እፎይ የሚለው ለዚህ ነው።

መርከብ ላይ የሚናወጠው ፈሳሽ ሌላ ጠባይ ያሳያል። እዚያ ትልቁ አደጋ ውሃው ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ እዚያው መቅረቱ ነው። መርከቧ በጥቂቱ ስታዘነብል ውሃው ወደ ዘነበለው ወገን ይሄዳል፤ ክብደቱ ደግሞ የበለጠ ያዘነብላታል። ጉዳቱ የሚያድገው በገጹ ወርድ ሦስተኛ እርከን ስለሆነ፣ አንድ ጋን በቁመቱ መሃል ለመሃል በግድግዳ ቢከፈል ጉዳቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ማርች 6 ቀን 1987 የብሪታንያዋ ሄራልድ ኦቭ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ ከዜብሩገ ወደብ የፊት በሯን ሳትዘጋ ወጣች፤ ክፍልፋይ የሌለው የመኪና ወለሏ ላይ የገባው ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ ገልብጧት 193 ሰዎች ሞቱ።

ከጅቡቲ ወደ መሃል አገር ነዳጅ የሚያመላልሱ ቦቴዎችም የዚህ ፊዚክስ ተገዢዎች ናቸው። ፍጹም ሙሉና ፍጹም ባዶ ቦቴ አይናወጥም፤ አስቸጋሪው ጎደሎው ነው። በውስጣቸው በአግድም የሚተከሉት ቀዳዳ ያላቸው ግድግዳዎች ፍሬን ሲያዝ ነዳጁ ወደ ፊት የሚያደርገውን ግፊያ ይሰብራሉ። በመጠምዘዣ ላይ ወደ ጎን የሚሄደውን ግን ብዙም አያግዱም፤ መገልበጥን የሚያመጣው ደግሞ ያ ነው። የወተት ቦቴዎች ብዙ ጊዜ ይህ ግድግዳ እንኳ የላቸውም፤ ምክንያቱም ማዕዘን የበዛበት ጋን በንጽሕና አይታጠብም።

የኅዋ ምርምር ጉዳዩን ወደ ራሱ የሙያ ዘርፍ ቀየረው። ናሳ በ1966 በኖርማን አብራምሰን አርታኢነት ያሳተመው ስለሚንቀሳቀሱ ጋኖች የሚያወሳ ጥራዝ እስካሁን የሙያው መነሻ ነው። ጥራዙ ከታተመም በኋላ ችግሩ አልጠፋም፤ በ1969 አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ሲያርፍ ነዳጁ በመናወጡ የማስጠንቀቂያ መብራቱ ያለጊዜው በራ። በ2007 የስፔስኤክስ ፋልከን 1 ሮኬት ሁለተኛ በረራ የከሸፈው በሁለተኛው ክፍል ጋን ውስጥ ፈሳሽ ኦክስጅን ተናውጦ ሮኬቱን ስላወዛወዘው ነበር።

በሌላ በኩል ያው ባሕርይ ለበጎ ይውላል። በፊላደልፊያ 297 ሜትር የሚረዝመው ኮምካስት ሴንተር አናቱ ላይ ከ1,000 ቶን በላይ ውሃ የያዘ ጋን አለው፤ ነፋስ ሕንፃውን ሲያወዛውዝ ውሃው በተቃራኒው እንዲሄድ ምቱ ተመጥኗል። ሐይቅም ቢሆን ዕቃ ነው። ስዊዛዊው ፍራንሷ አልፎንስ ፎሬል በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጄኔቫ ሐይቅ ከጫፍ ጫፍ በ73 ደቂቃ ገደማ እንደሚወዛወዝ ለካ። ጣና ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሆኖ አማካይ ጥልቀቱ 9 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ቀላል ስሌት ለአንድ ውዝዋዜ ወደ 5 ሰዓት ይሰጣል።

ታዲያ ያልተፈታው ምንድን ነው? ዝግ ያለው መናወጥ በሚገባ ይታወቃል። ያልታወቀው ማዕበሉ ተሰብሮ ግድግዳውን የሚመታበት ቅጽበት ነው። ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ የሚጭኑ መርከቦች ጋናቸውን ወይ ሊሞላ የቀረበ ወይ ሊያልቅ የቀረበ አድርገው እንዲጓዙ የሚገደዱት በዚህ ምክንያት ነው። በሙከራ ቤት አንድ ዓይነት ጋን አንድ ዓይነት ንቅናቄ ደጋግሞ ቢሰጠው ማዕበሉ ይመሳሰላል፤ የምቱ ኃይል ግን ከሙከራ ሙከራ በእጅጉ ይለያያል። ከትንሽ ሞዴል የተገኘው ቁጥር ለትልቁ መርከብ እንዴት ይመነዘር የሚለው ላይ መሐንዲሶች አልተስማሙም፤ በማዕበሉና በግድግዳው መካከል የታፈነው ጋዝ፣ አረፋውና የፈሳሹ መፍላት በመጠን ሲያድጉ እኩል አያድጉም።

ሙቀት ሲገባበት

ታንዛኒያዊው ተማሪ ኤራስቶ ምፔምባ በ1963 አይስክሬም ሲሠራ ትኩሱ ከቀዝቃዛው ቀድሞ መርጋቱን አየ፤ በ1969 ከፊዚክስ ሊቁ ከዴኒስ ኦስቦርን ጋር አሳተመው። ደጋፊዎች ትነትን፣ በውሃው ውስጥ ያለውን የሙቀት ዝውውርና ዕቃው ከሥሩ ያለውን በረዶ ማቅለጡን ምክንያት ያደርጋሉ። ሄንሪ በሪጅና ፖል ሊንደን ግን በ2016 ሙከራዎቹን ደግመው ጠንካራ ማስረጃ አላገኙም፤ ቴርሞሜትሩ በዕቃው ውስጥ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ ብቻውን ክስተቱ ያለ ሊያስመስል እንደሚችል አሳዩ። ጥያቄውን ለመፍታት የሚያስቸግረው እዚህም ግድግዳው ነው፦ ውሃ ከዜሮ ዲግሪ በታች ወርዶ ሳይረጋ ሊቆይ ይችላል፤ መርጋት የሚጀምርበት ሰዓትም በዕቃው ላይ ባለ ጭረትና ቆሻሻ ይወሰናል። ሁለት ስኒዎች ለዓይን መንታ ቢሆኑም ለውሃው መንታ አይደሉም።

ግድግዳውን የነካው ውሃ ይቆማል ወይስ ይንሸራተታል?

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ግድግዳው ጋ የደረሰው ውሃ ምን እንደሚሆን የሚታወቅ መስሎ ነበር። በ1820ዎቹ ክሎድ ሉዊ ናቪዬ ፈሳሹ በግድግዳው ላይ በጥቂቱ ይንሸራተታል ብሎ ቀመር ጻፈ። ጆርጅ ስቶክስ በ1845 አመነታ፤ በኋላ ውሃው ተጣብቆ ይቆማል ወደሚለው አዘነበለ። ሐኪሙ ፑዋዘይ በ1840ዎቹ በቀጫጭን ቱቦዎች ያደረጋቸው ልኬቶች ከመጣበቅ ጋር ገጠሙ፤ ሉድቪግ ፕራንትል በ1904 ይህንኑ መነሻ አድርጎ የዘመናዊ በረራ ሳይንስ የቆመበትን የስስ ንጣፍ ጽንሰ ሐሳብ አቀረበ። ለመቶ ዓመት ጉዳዩ የተዘጋ መሰለ።

የከፈተው እጅግ ጠባብ ዕቃ ነው። በ2005 እና በ2006 የወጡ ሁለት ጥናቶች ውሃ በካርቦን ናኖቱቦ ውስጥ መጣበቅ ቢኖር ከሚጠበቀው በሺዎች እጥፍ ፈጥኖ እንደሚያልፍ ዘገቡ። ብዙዎች ቁጥሩን ተጠራጠሩ፤ የቱቦዎቹን ብዛትና ስፋት በትክክል ማወቅ ከባድ ነበርና። በ2016 በፓሪስ የተደረገው ሙከራ በአንድ ነጠላ ቱቦ ለክቶ መንሸራተቱን አረጋገጠ፤ መጠኑ ግን ከቀደሙት ያነሰ ሆነ። አስገራሚው ሌላ ነው፦ ቅርጹ ያው በሆነ ከቦሮን ናይትራይድ በተሠራ ቱቦ መንሸራተት አልታየም። ልስላሴው እኩል ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ? በ2022 የቀረበው ሐሳብ ውሃው በግድግዳው ውስጥ ካሉት ኤሌክትሮኖች ጋር ይፋተጋል የሚል ነው። ገና እየተፈተነ ነው።

የገጽ ውጥረት ያለበት ጠርዝ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ውሃ፣ አየርና ግድግዳ የሚገናኙበት መስመር ሲንቀሳቀስ ምን ይሆናል? ሀህና ስክሪቨን በ1971 እንዳሳዩት ውሃው ከግድግዳው ጋር ፍጹም ተጣብቋል ተብሎ ከተሰላ መስመሩን ለማንቀሳቀስ ወሰን የሌለው ኃይል ያስፈልጋል። ነገር ግን ውሃ በየዕለቱ ብርጭቆን ያረጥባል። ስለዚህ በዚያች ነጥብ ላይ አንድ ነገር ይላላል፤ የሚላላው ምን እንደሆነ ላይ ከአንድ በላይ ጽንሰ ሐሳብ አለ፣ ሁሉም በዓይን ለሚታየው መጠን ተቀራራቢ መልስ ስለሚሰጡ በሙከራ መለየት አስቸግሯል።

ክብደት በሌለበት ደግሞ ሥልጣኑ ሁሉ ለማዕዘኑ ይሰጣል። ፖል ኮንከስና ሮበርት ፊን በ1969 ማዕዘኑ ከአንድ ወሰን ሲጠብ ውሃው የሚረጋበት ገጽ እንደሌለው፣ ማዕዘኑን ይዞ ያለማቋረጥ እንደሚወጣ በሒሳብ አረጋገጡ። ጠፈርተኛው ዶን ፔቲት በ2008 በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከላስቲክ ሉህ ሹል ማዕዘን ያለው ስኒ ሠርቶ ቡናውን ያለ ስትሮ ጠጣ፤ ቡናው በማዕዘኑ በኩል ራሱ ወደ ከንፈሩ ይመጣ ነበር።

ሒሳቡ ግድግዳውን ሲያስወግድ

ክሌይ የሒሳብ ተቋም በ2000 የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ከመደበላቸው ሰባት ጥያቄዎች አንዱ የናቪዬና የስቶክስ ቀመሮች ሁልጊዜ ለስላሳ መፍትሔ አላቸው ወይ የሚል ነው። ብዙም የማይነገርለት ነገር፣ ጥያቄው የተጻፈው ዕቃ ለሌለው ፈሳሽ መሆኑ ነው፤ ወሰን የሌለው ኅዋ ወይም በየአቅጣጫው ራሱን የሚደግም። ግድግዳው የተወገደው ነገሩን ለማቅለል ነበር።

ጥርጣሬው ግን ግድግዳው ላይ ነው ያደገው። በ2014 ጉዎ ሉዎና ቶማስ ሁ ሰበቃ የሌለው ፈሳሽ በሲሊንደር ውስጥ ሲሽከረከር በኮምፒዩተር ሲከታተሉ፣ ሽክርክሪቱ በአንድ ቦታ ላይ ያለ ወሰን ሲያድግ አዩ፤ ቦታው የሲሊንደሩ ግድግዳ ነበር። በ2022 ጂያጂየ ቸንና ሁ ይህንኑ በኮምፒዩተር በታገዘ ማረጋገጫ አጸኑት። ታሬክ ኤልጊንዲ ደግሞ በ2021 ያለ ግድግዳም እንደዚያ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል፤ እሱ ግን የተነሣው በበቂ ለስላሳ ካልሆነ ፍሰት ነው።

ሁለቱ ውጤቶች የሚመለከቱት ሰበቃ የሌለበትን ፈሳሽ ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚጣበቀው እውነተኛው ውሃ ከነዚህ ውጭ ነው። ለስላሳ ጅማሬና ግድግዳ ያለው ተፈቷል፤ ሻካራ ጅማሬ ያለው ያለ ግድግዳ ተፈቷል። ለስላሳ ጅማሬ ኖሮት ግድግዳ የሌለው ፈሳሽ፣ ሰበቃ ኖረውም አልኖረው፣ እስካሁን ክፍት ነው።